በወሎ መንገድ ላይ ከነዳጅ ማደያ ምን እንብላ? የመንገድ ምግቦች ንጽጽር

ከከሚሴ እስከ ቆቦ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ መኪና ነዳጅ ለመቅዳት በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው አራት ዓይነት ምግብ ያገኛል። አንደኛው በማደያው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው የታሸገ ምግብ ነው። ሁለተኛው ከማደያው ጎን ባለው ካፌ በትእዛዝ የሚሠራው ትኩስ ምግብ ሲሆን፣ ሦስተኛው ከአጥሩ ውጭ የተቀመጡ ሻጮች የሚያቀርቡት እሸት፣ ቆሎና ፍራፍሬ ነው። አራተኛው ደግሞ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙባቸው ትልልቅ ምግብ ቤቶች ማዕድ ነው። አብዛኛው ተጓዥ ይህን ምግብ ሆድ ማስታገሻ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው ሳይመርጥ ይገዛል፣ ሳያጣጥምም ይበላል። እኔ ግን በወሎ መንገድ ላይ በማስተዋል የተመረጠ የማደያ ምግብ ከጉዞው ታላላቅ ደስታዎች አንዱ እንደሚሆን በሙሉ ልብ አምናለሁ፤ ይህንም መመሪያ የጻፍኩት ሌላው ተጓዥ ያንን ደስታ እንዳያልፈው ነው።

የማደያ ምግብ ተጠቃሚው አላፊ አግዳሚ ስለሆነ አብሳዩ አይጨነቅበትም የሚል አስተያየት በብዛት ይሰማል። አስተያየቱ ለወሎ መንገድ በከፊል ብቻ ነው የሚሠራው። በዚህ መንገድ የሚመላለሱት የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ የአውቶቡስ ረዳቶችና የሚኒባስ ባለቤቶች በየሳምንቱ እዚያው ቦታ የሚቆሙ ደንበኞች ናቸው፤ ሽሮዋን ያሳነሰች ወይም ያደረ ፍርፍር ያቀረበች ሴት ወሬው በማግስቱ ከኮምቦልቻ ወልድያ ይደርሳል። በሌላ በኩል የሚሸጠው ነገር ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ በቆሎው ከማደያው ጀርባ ካለው ማሳ፣ ብርቱካኑ ከመስኖው ዳር፣ ዓሣውም ከሐይቁ የመጣ ነው። በከተማ ሱፐርማርኬት በገንዘብ የማይገኝ ትኩስነት በመንገድ ዳር በዝርዝር ብር ይገኛል።

ከመምረጥ በፊት የሚታሰቡ ነገሮች

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ጊዜው ነው። መኪናው ነዳጅ ቀድቶ ወዲያው የሚነሣ ከሆነ በትእዛዝ የሚሠራ ምግብ መሞከር ልብ ማንጠልጠል ነው፤ ምግቡ ከመድረሱ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» ማለት ይጀምራል። ሰልፍ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። የነዳጅ እጥረት በሚኖርበት ወቅት ሰልፉ የግማሽ ቀን ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ሻጮቹ ራሳቸው ወደ መኪናው ይመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ቸኩሎ የመጀመሪያውን መግዛት ሳይሆን አጥሩን አንድ ጊዜ ዞሮ አይቶ መመለስ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚታሰበው ከፊት ያለው መንገድ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ደሴ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ከፍታ መኪናው የሚወጣውም የሚወርደውም በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ነው። ዘይት የበዛበት ፍርፍር በልቶ ሐረጎን የወረደ ሰው ምን እንደሚሆን አብሮት የተቀመጠው ሰው ያውቃል። ስለዚህ ጠመዝማዛ ከፊት ካለ ደረቅና ቀላል ነገር ይምረጡ፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝ ወይም የተቀቀለ ድንች ይበቃል። ከባዱን ምግብ ጠመዝማዛው ካለቀ በኋላ መብላት ይሻላል፤ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ቁርሱን ደሴ ላይ ከማጥገብ ይልቅ ኮምቦልቻ ደርሶ ቢበላ ሆዱም መንገዱም ይስማሙለታል።

ሌላው አብሮ የሚጓዘው ሰው ነው። በእኛ አገር መኪና ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም፤ የፌስታሉ አፍ እንደተፈታ «እንካችሁ» ይባላል፣ የቀረበለትም ሰው ቢያንስ ቁንጥር ያነሣል። ስለሆነም የሚከፋፈል ነገር ከማይከፋፈለው ይበልጣል። አንድ ኪሎ ብርቱካን፣ አንድ ሙሉ አምባሻ ወይም ጠና ያለ የቆሎ ጥቅል ከስድስት ሰዎች ጋር ያስተዋውቃል። አንድ ፓኬት ዋፈር ግን ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ኀፍረት ነው።

የማደያው ሱቅ

ስለ ሱቁ ብዙ የሚባል ነገር የለም። ብስኩት፣ ችብስ፣ ኬክ፣ ማስቲካ፣ ለስላሳና የታሸገ ውሃ በየትኛውም ከተማ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ደሴ የሚገዙት አዲስ አበባም ይገኛል። ሱቁ የሚመረጠው በሦስት ሁኔታ ነው፤ ሌሊት ሌላው ሁሉ ሲዘጋ፣ ሆዱ የታመመ ሰው ሲኖርና ውሃ ሲያስፈልግ። ውሃ ሲገዙ የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበት ያልተሰበረ መሆኑን በእጅ ማረጋገጥ ተገቢ ነው፤ በተለይ በከሚሴ፣ በባቲና በቆቦ ሙቀት ውስጥ ውጭ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን ትቶ ከውስጥ ከጥላ ቦታ እንዲመጣልዎ ይጠይቁ። ብስኩትና ኬክ ላይ የተጻፈውን የመጠቀሚያ ጊዜ ማየትም አይዘንጋ፤ ገበያው የቀዘቀዘ ማደያ ላይ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ይከርማል።

የማደያው ካፌ

በካፌው ውስጥ ትልቁ ልዩነት በተሠራና በሚሠራ ምግብ መካከል ያለው ነው። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የተደረደረው ሳምቡሳ፣ ቦንቦሊኖና ፓስቲ ጠዋት ሲወጣ ግሩም ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የበሰለ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ተህዋስያን በፍጥነት ይራቡበታል፤ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ወተት ያለበት ምግብ በዚህ ሁኔታ ከሁለት ሰዓት በላይ፣ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ መበላት የለበትም። ለሳምቡሳ ይህ ማለት የምስሩን ከሥጋው ማስቀደም፣ የትኛውንም ቢሆን ደግሞ «አሁን ከዘይት የወጣ አለ?» ብሎ መጠየቅ ማለት ነው።

ከሚሠሩት ውስጥ ያለ ማመንታት የምመርጠው የእንቁላል ፍርፍር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ስለሚቀመጥ የሚሰበረው ትእዛዙ ከተሰማ በኋላ ነው፤ ከትናንት ሊተርፍ አይችልም። በጥሩ ካፌ ሽንኩርቱ በትንሽ መጥበሻ ላይ ለስለስ እስኪል ይቁላላል፣ ቲማቲሙ ይገባል፣ እንቁላሉ ዳሩ መርጋት ሲጀምር በማንኪያ ጀርባ ይገፋል፣ መካከሉ ገና እርጥብ ሳለ የተከተፈ ቃሪያ ይጣልበትና መጥበሻው ከነእሳቱ ጠረጴዛው ላይ ይደርሳል። ዳቦውን ቆርሶ ከመጥበሻው ዳር የተጠበሰውን ማንሣት የሚቻለው መጥበሻው ሲቀርብ ብቻ ስለሆነ፣ በሳህን ተገልብጦ የሚመጣውን አልመርጥም። ደሴ ላይ በማለዳው ብርድ ይህን በሻይ የበላ ሰው እስከ ወልድያ ድረስ ሌላ ነገር አያምረውም።

ሁለተኛው ተጋቢኖ ሽሮ ነው። በሸክላ እየፈላ የሚመጣ በመሆኑ በሙቀቱ ይታመናል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። አስተናጋጇ «አብሽሩ፣ አሁን ይወጣል» ስትል ሩብ ሰዓት ማሰብ ይገባል። ፓስታና ሩዝ በአንጻሩ ብዙ ጊዜ ቀድመው ተቀቅለው የሚጠብቁ ስለሆኑ ከሁሉም በኋላ አስቀምጣቸዋለሁ። ቆላማው አካባቢ፣ በከሚሴ፣ በባቲና በቆቦ ዙሪያ፣ የማሽላ እንጀራ ከተገኘ ግን ምርጫው ሁሉ ይለወጣል። ከጤፉ ይልቅ ሸካራና ጣፋጭ የሆነው የማሽላ እንጀራ ከሽሮ ጋር ያለው ስምምነት በከተማ ምግብ ቤት አይገኝም፤ በምግብ ዝርዝር ላይ ስለማይጻፍም መጠየቅ የተጓዡ ፈንታ ነው።

ጥሩ ካፌ እንዴት ይለያል? ከባድ መኪኖች የቆሙበትን መከተል የሚለው ምክር ብዙም አያስተማምንም። ከባድ መኪና የሚቆመው ሰፊ ማቆሚያ፣ ጎማ ቤትና ጥበቃ ባለበት ነው፤ ምግቡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ከዚህ የተሻለው ምልክት ነዳጅ ቀጂዎቹ የሚበሉበት ቦታ ነው። እነርሱ ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለሚውሉ የትኛዋ ሴት ወጥ ዛሬ እንደተሠራ፣ የማን እንጀራ እንዳደረ አይጠፋቸውም። «ወንድሜ፣ እናንተ የት ነው የምትበሉት?» ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ መልስ ያስገኛል፤ መልሱም ብዙውን ጊዜ በብርሃን ያሸበረቀው ካፌ ሳይሆን ከጀርባው ያለች ባለ ሁለት አግዳሚ ቤት ናት።

ከአጥሩ ውጭ

የዚህ መንገድ እውነተኛ ደስታ ያለው እዚህ ነው። ሻጮቹ ከአጥሩ ውጭ መቀመጣቸውም ትክክል ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል፤ የከሰል ፍም ካገኘ ይቀጣጠላል። ምድጃዋን ከመቅጃው አጠገብ ያስጠጋች ሻጭ ካለች በቆሎዋ የቱንም ያህል ቢያምር ራቅ ብላ እንድትቀመጥ መንገር እንጂ መግዛት አይገባም።

የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ከክረምቱ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ድረስ የመንገዱ ንጉሥ ነው። የጥብስና የቅቅል እሸት ምርጫ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለው። ፍሬውን በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ወተት የሚረጭ ከሆነ ገና ለጋ ነው፤ ይህ ለቅቅል እንጂ ለጥብስ አይሆንም፤ እሳት ላይ ይጨማደዳል። ጥፍር ገብቶ ወፈር ያለ እርጥበት ብቻ የሚያሳየው ለጥብስ ትክክለኛው ነው። ጥፍር የማይገባው ደግሞ ጥርስ የሚሰብር ነው። ሻጯ ገልጣ እንድታሳይ መጠየቅ ነውር የለውም፤ «እትዬ፣ ለጥብስ የሚሆነውን ምረጪልኝ» ሲሏት ራሷ አገላብጣ ታወጣለች። ፍሙን በካርቶን ቁራጭ እያራገበች አንዱን ጎን ቡናማ እስኪሆን ትጠብቃለች፣ ፍሬው ጧ ማለት ሲጀምር ታዞረዋለች፣ በመጨረሻም በራሱ ሽፋን ጠቅልላ ትሰጣለች። ሽፋኑ እጅን ከማቃጠል ያድናል፤ ሙቀቱንም ይይዛል። ይህ ምግብ ከእሳት ወደ እጅ በቀጥታ የሚመጣ ስለሆነ በንጽሕናውም ከመስታወት ሳጥኑ ሳምቡሳ ይበልጣል።

ቆሎ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ታማኝ ስንቅ ነው። የገብሱ ብቻውን፣ ከሽምብራ ጋር፣ ከሱፍ ጋር ወይም ከኦቾሎኒ ጋር ተደባልቆ ይሸጣል። ለረጅም መንገድ ከሽምብራ ጋር የተደባለቀውን እመርጣለሁ፤ ከገብሱ ብቻ ይልቅ ሆድ ይይዛል፣ ከኦቾሎኒው ይልቅ ደግሞ ውሃ አያስጠማም። ኦቾሎኒ ያለበትን ሲገዙ ጥቂት ቀምሰው መራራ ወይም የሻጋታ ጠረን ያለው ከሆነ ይመልሱት፤ በሻገተ ኦቾሎኒ ውስጥ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመቁላትም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ቆሎ ደረቅ ስለሆነ ለሐረጎም፣ ከወልድያ በድልብ ወደ ጋሸና ለሚወጣው ጠመዝማዛም ከሁሉም ይሻላል።

ፍራፍሬ ላይ ወቅትና ቦታ ይወስናሉ። መርሳና አካባቢዋ በብርቱካንና በማንጎ የታወቁ ናቸው፤ ብርቱካኑ በበጋው ብርድ ወራት፣ ማንጎው ደግሞ ከበጋው መገባደጃ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይበዛል። በመርሳ ማንጎ መግዛት ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አንድ ሁለት ለመንገድ ብስሉን፣ የቀረውን ለቤት ጠንከር ያለውን ለይቶ ማስመረጥ ነው፤ ሁሉንም ብስል የገዛ ሰው ደሴ ሲደርስ ጭማቂ ያወርዳል። በክረምት በደጋው በኩል በለስ ይመጣል። በለስን ሻጩ በቢላዋ ልጦ ሲሰጥ መብላት እንጂ ራስ መላጥ አይገባም፤ እሾሁ ዓይን የማያየው ሲሆን ጣት ውስጥ ከገባ ጉዞውን ሁሉ ያስመርራል። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ሲደርስ ደግሞ በቆላው መንገድ ጥንቅሽ ይሸጣል፤ ልጆች ያሉበት መኪና ከዚህ የተሻለ ዝምታ አያገኝም። በጥቅሉ የሚላጥ ፍሬ በሌላ ሰው እጅ ተቆርጦ ከተቀመጠ ፍሬ ይበልጣል፤ አስቀድሞ የተቆረጠ ሐብሐብና ፓፓያ ዝንብና አቧራ የነካው ስለሚሆን በአካል ሲቆረጥ ካልታየ ቢቀር ይሻላል።

አንድ ተግባራዊ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብርና በመሳሰሉት ዲጂታል መንገዶች ስለሆነ ብዙ ሾፌርና ተጓዥ ጥሬ ገንዘብ ሳይዝ ይወጣል። እሸት ሻጯ ግን የ200 ብር መልስ ብዙ ጊዜ የላትም። የ10 እና የ50 ብር ኖቶች በደረት ኪስ ይዞ መውጣት ከየትኛውም ምክር በላይ ይጠቅማል። ዋጋ ቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እሳት ላይ ስትጠበስ በዋለች ሴት እሸት ላይ ረጅም ክርክር መክፈትን አልደግፍም።

የምሳ ማቆሚያዎቹ

አውቶቡሶች ለምሳ የሚቆሙባቸው ትልልቅ ምግብ ቤቶች በመጸዳጃ ቤት፣ በእጅ መታጠቢያና በመቀመጫ ከሁሉም ይበልጣሉ። ከሕፃናትና ከአረጋውያን ጋር ለሚጓዝ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። በምግብ ግን ሁለት ነገር ይጎድላቸዋል። አንደኛ፣ ሦስት አውቶቡስ በአንድ ጊዜ ሲደርስ ጥብሱ የሚሠራው በብዛት ነው፤ ሥጋው ከመጠበስ ይልቅ በራሱ ውሃ ይቀቀላል። ሁለተኛ፣ ተሳፋሪው ሌላ አማራጭ እንደሌለው ስለሚታወቅ ዋጋው ይንራል። እንዲህ ባለ ቦታ በጣም የሚሻለው በያይነቱ ነው፤ ወጦቹ በትልቁ ተሠርተው በፍጥነት ስለሚያልቁ ብዛቱ እዚህ ላይ ጥቅም ይሆናል። አውቶቡሱ ከሌሎቹ ቀድሞ ከደረሰ ጥብስ፣ ዘግይቶ ከደረሰ በያይነቱ ማዘዝ ጥሩ ሕግ ነው።

ሥጋ፣ ጾምና ዓሣ

በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ሰፈር፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ አብረው መጓዛቸው የታወቀ ነው። ሥጋው ግን የየራሱ ነው፤ ምግብ ቤቶችም በመስቀል ወይም በጨረቃ ምልክት ይለያሉ። ምልክት ከሌለ «የማን ሥጋ ነው?» ብሎ መጠየቅ በዚህ አገር የተለመደ እንጂ የሚያስቀይም ጥያቄ አይደለም። በከሚሴ፣ በሐርቡና በባቲ የሙስሊም ምግብ ቤት ይበዛል፤ በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልድያ ሁለቱም በቅርብ ይገኛሉ።

ቀኑም ይቆጠራል። ረቡዕና ዓርብ በክርስቲያን ቤቶች የጾም ምግብ በብዛት ስለሚሠራ በእነዚህ ቀናት የሚገኘው ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ከሌላው ቀን ይልቅ ትኩስ ነው፤ የማይጾም ሰው እንኳ ቢመርጠው ያተርፋል። በእነዚሁ ቀናት ሥጋ የሚፈልግ ሰው ገበያው ያልተቋረጠበትን የሙስሊም ሥጋ ቤት ማየት አለበት፤ እምነቱ የማይፈቅድለት ደግሞ ሥጋውን ለማግስቱ ቢያቆየው ይሻለዋል። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ይቀዘቅዛሉ፤ ነገር ግን ወደ 12 ሰዓት ገደማ፣ ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ከሚሴ ወይም ኮምቦልቻ ማደያ ላይ የደረሰ መንገደኛ የታደለ ነው። ሳምቡሳው ያን ጊዜ ከዘይት ይወጣል፣ ሾርባው ይፈላል፣ ተምሩ ይቀርባል። ከላይ ስለ ሳምቡሳ የሰጠሁት ማስጠንቀቂያ ለዚህ ሰዓት አይሠራም።

የተቀላቀለ ጉዞ ላይ ላሉ ሰዎች የምመክረው ሁሉም ከአንድ ሳህን የሚበላውን መምረጥ ነው። ከጾም ቀን ውጭ እንቁላል፣ እንዲሁም ሽሮ፣ ፍራፍሬና ቆሎ ከዚህ ይመደባሉ፤ ከሁሉም የላቀው ግን የሐይቅ ዓሣ ነው። ዓሣ የማን እጅ አረደው የሚል ጥያቄ ስለማይነሣበት የሙስሊሙና የክርስቲያኑ እጅ አንድ ላይ የሚዘረጋበት ማዕድ ነው፤ በጾም ወቅት ስለመብላቱ ግን ክርስቲያን ተጓዦች የየራሳቸው አቋም ስላላቸው ቀድሞ መጠየቅ መልካም ነው።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የሐይቁ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ሙሉውን ተጠብሶ ይቀርባል። ከመታዘዙ በፊት ዓሣውን በጥሬው ማየት ይቻላል፤ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ የዛሬ ነው። ዓይኑ የደፈረሰ፣ ስንጥቡ የጠቆረ ከሆነ ሽሮ ይዘዙ። ጎንና ጎኑ ተሰንጥቆ በጋለ ዘይት የተጠበሰ ቆሮሶ ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ይለቃል፤ ሎሚና አዋዜ ብቻ ይበቃዋል። ሚኒባስ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች ሾፌሩን አስማምተው ከኮምቦልቻው ወይም ከደሴው ምሳ ይልቅ ሐይቅ ላይ ቢቆሙ አይጸጸቱም። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ግን ዓሣው እስኪጠበስ ጊዜ አይበቃውም።

የሚጠጣው

ማኪያቶና ጀበና ቡና ሲነጻጸሩ በመንገድ ላይ ጀበናው ያሸንፋል። ማኪያቶ መብራት ይፈልጋል፣ ወተቱም አስተማማኝ መሆን አለበት፤ መብራት በጠፋበት ማደያ ማሽኑ ዕቃ ብቻ ነው። የጀበና ቡና ግን ከሰል ባለበት ሁሉ ይፈላል፤ ውሃው የፈላ ስለሆነም አያሳስብም። ሾፌሮች ማወቅ ያለባቸው ቡና ወዲያው የማያነቃ መሆኑን ነው፤ ካፌይን በደንብ እስኪሠራ ድረስ እስከ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። እንቅልፍ የተጫነው ሾፌር ቡናውን ጠጥቶ ወዲያው መሪ ከመያዝ ይልቅ ጋቢና ውስጥ ሩብ ሰዓት ጋደም ብሎ ቢነሣ ለራሱም ለተሳፋሪውም ይበጃል። ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦ በተገኘበት ቦታ ከለስላሳ ይልቅ እርሱን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን የተሠራበት ውሃ ስለማይታወቅ ሆዱ ስስ የሆነ ሰው ይተወው። በባቲ በኩል የሚቀርበውን ያልፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት ያልለመደ ሰው እንዲፈላለት መጠየቅ አለበት።

በየመንገዱ ሲታይ

ከደቡብ ለሚመጣ ሰው ከሚሴ የመጀመሪያዋ የወሎ ማቆሚያ ናት፤ ሙቀቱ ስለሚያይል ከባድ ምግብ ሳይሆን ፍራፍሬና ውሃ ተይዞ ምሳው ለኮምቦልቻ ቢቆይ ይሻላል። ኮምቦልቻ ካፌ የሚመረጥባት፣ ደሴ እንቁላልና ሻይ የሚበላባት፣ ሐይቅ ዓሣ፣ መርሳ ፍራፍሬ የሚገዛባት ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወርድ ሰው ሰኞ ከሆነ የገበያው ቀን ስለሆነ ሰውም ምግብም ይበዛል፤ የሚበስለው ሁሉ ቶሎ ስለሚያልቅ ያን ቀን ሥጋ ማዘዝ ከሌላው ቀን ይሻላል። ከወልድያ ወደ ጋሸና የሚወጣ ሰው ነዳጁንም ስንቁንም ወልድያ ላይ መሙላት አለበት፤ ወደ ላይ ማደያው ይሳሳል፣ ብርዱ ይበረታል፤ ቆሎ፣ አምባሻና በፔርሙዝ የተያዘ ሻይ እዚያ ዋጋቸው ከፍ ይላል። ወደ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚወርደው ደግሞ ተቃራኒውን ያድርግ፤ ሻይውን ትቶ ውሃ ይጨምር፣ ለምሳውም የማሽላ እንጀራ ያለበትን ቤት ያፈላልግ።

ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ለሚደርስ ሰው ምርጫው ይጠብባል። የቀኑ ወጥ ያን ጊዜ በጉልቻ ላይ ውሎ ያመሸ ስለሆነ ይለፈው። የተቀቀለ እንቁላል ቅርፊቱ ያልተሰነጠቀውን፣ ከሱቁ የታሸገ ውሃ፣ ዳቦ ቤቱ ካልተዘጋ ዳቦ፣ እሳቱ ካልጠፋ ደግሞ ሻይ ይዞ ወደ ማረፊያው መሄድ ይመረጣል፤ የጥብሱ ነገር ጠዋት አዲስ ሥጋ ሲሰቀል ይታያል።